ሙሴው የታቀፋት ጥቁር ድመት

በ1996 ዓ.ም. ዕድሜዬ ኀምሳ ሰባት ነበር። ቂም ለመያዝ የማይረፍድበት፣ ቂም ለመርሳት ግን የረፈደበት ዕድሜ ነው። የምኖረው ቢቸና፣ ከገበያው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ሚስቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗት ስለነበር በቤቱ ያለነው እኔና የመጨረሻዋ ልጄ ብቻ ነን። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እሱንም ከእርሻ መልስ እያንቀላፋሁ። ጽሑፌ ከተንጋደደ የሚያነበው ሰው አንገቱን ያዘንብል፤ ነገሩ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ልጄ ከገበያ ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ የሚንቀሳቀስ ነገር ቋጥራ መጣች። ሲፈታ መዳፍ የማትሞላ ጥቁር ድመት ናት። ከእህል ተራው ጀርባ ካለው ጉድጓድ ውስጥ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ታስራ ነው ያገኘቻት። አብረዋት የተጣሉ ሌሎች ሁለት ነበሩ፤ እነሱ አልቀዋል። በእኛ አገር እንዲህ ነው። ድመት ስትወልድ ነጩና ዥጉርጉሩ ዓይኑን ሳይገልጥ ባለቤት ያገኛል፤ ጥቁሩ ወደ ጉድጓድ ይሄዳል። ለሙግት የወጣ ሰው ጥቁር ድመት ካቋረጠችው ቀጠሮውን ትቶ ይመለሳል። በሬ ሊገዛ የወጣም ይመለሳል። ባይመለስ ሙግቱን ይረታ እንደነበር ማን ያውቃል? አይጠይቅም።

እኔ ድመት የምወድ ሰው አልነበርሁም። ጣያት ልላት አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመችኝ። "አባየ፣ ጎተራውን አይጥ እየጨረሰው አይደለም? አንድ ክረምት እንያት" አለች። ጤፍ የሚሰርቅ አይጥ ቀለም መርጦ አይሰርቅም፤ አይጥ የሚይዘውንም ቀለሙን መጠየቅ አይገባም ብዬ ተውኋት። በመስከረም ጎተራዬ ሥር ኮሽታ ጠፋ። ድመቷ አይጥ በያዘች ቁጥር አምጥታ ደጃፌ ላይ ታስቀምጣለች፤ እንድመርቃት ነው መሰለኝ። መርቄያት አላውቅም፤ እራት ግን አልከለከልኋትም።

ከአጥሬ ወዲያ ያለው ጎረቤቴ የሚካኤል ማኅበራችን ሙሴ ነበር። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን አለቃ ነው፤ ጽዋው ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ የሚናገር፣ የቀረውን የሚቀጣ፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ። ሃያ ዓመት አብረን ጠጥተናል። በጥቅምት ልጄን ለእህቱ ልጅ ጠይቆኝ አልሰጥም አልሁት። ለምን ቢለኝ ልጁ ሰነፍ ነው አልሁ። ደግ መልስ አልነበረም፤ እውነት ግን ነበር። ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ያ ሳቅ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

ኅዳር መባቻ ላይ ከሞጣ ሦስት ሽማግሌዎች ልጄን ሊጠይቁ እንደሚመጡ ወሬ ደረሰን። የላካቸው ልጅ እዚያው ሞጣ የሚያስተምር መምህር ነው። ልጄ እንደምትፈልገው ለእኔ አልነገረችኝም፤ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤቱን ሁለት ጊዜ በእበት ለቀለቀችው፤ በዚህ ገባኝ። ሽማግሌዎቹ ከተማው ውስጥ አድረው ጠዋት ወደ እኔ መጡ።

እዚህ ላይ ወጉን መናገር አለብኝ። የሴት አባት ለሽማግሌ አይሮጥም። ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ፣ እንዳልሰማ ሆኖ፣ እነሱ ደጅ ቆመው "ልንጠይቅ መጣን" እስኪሉት ይጠብቃል። ብቅ ብቅ ካለ ልጁን ከቤት ሊያስወጣ የቸኮለ ይመስልበታል። እኔም ነጩን ጋቢዬን ደርቤ መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። ግን መቻል አቃተኝና ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆሜ በእሾሁ ክፍተት አያቸው ጀመር።

ሦስቱ ከመንገዱ ታጥፈው ወደ ደጄ ሲያቀኑ ሙሴው ከቤቱ ወጥቶ ሰላምታ ሰጣቸው፤ አብሯቸውም መራመድ ያዘ። ያን ጊዜ ድመቷ አይጥ በአፏ ነክሳ ከሙሴው አጥር ብቅ አለች። በሽማግሌዎቹ ፊት መንገዱን አቋርጣ ወደ እኔ ግቢ ገባች። ከዘራ የያዙት ትልቁ ሽማግሌ ቆሙ። ሌሎቹም ቆሙ።

ሙሴው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚያዝን ሰው ሆኖ፣ "አባቶቼ፣ እኔ ጎረቤት ነኝ፤ ልደብቃችሁ አይሆንልኝም። ይህች ጥቁር ከገባች ወዲህ እዚህ ቤት በጎ ነገር ገብቶ አያውቅም። የቤቱ እመቤት እንኳ የሞተችው በእሷ ነው" አለ።

ሚስቴ የሞተችው ድመቷ ከመወለዷ ብዙ በፊት ነው። ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው።

ሽማግሌው ወዲያው አልተመለሱም። አንድ የሚጠብቁት ነገር ያለ ይመስል ደጄን እያዩ ጥቂት ቆዩ። እኔ ከእሾሁ ወዲህ ጥርሴን ነክሼ ቆሜያለሁ። ወጥቼ ሙሴውን ባንቀው ደስ ባለኝ፤ ግን የሴት አባት ነኝ፤ ወጉ ያዘኝ። ከዚያ ከዘራቸውን አዞሩና ሄዱ። ልጄ ከቤት ውስጥ ሆና የዳቦውን ሊጥ ትሸፍን ነበር። ሄዱ ብዬ ስነግራት እጇን ታጠበች።

የታኅሣሥ ሚካኤል ማኅበሩ የእኔ ተራ ነበር። የኅዳር ሚካኤል ለት ተሰብስበን ሳለን ሙሴው ተነሣና፣ ድመቷ እስካልጠፋች ድረስ ጽዋው እዚያ ቤት አይገባም አለ። ሽማግሌ ያስመለሰ ቤት ነው፤ ለማኅበሩም ይተርፋል አለ። ሃያ ዓመት የማውቃቸው ሰዎች መሬት መሬት አዩ። "ድመቷ የገደለችው አይጥ ነው፤ ሰው ያስመለሰው ምላስ ነው። መጀመሪያ ምላሱን አጥፉት" ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅበር የሌለኝ ሰው ሆንሁ። ማኅበር የሌለው ሰው በበዓሉ ቀን ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፤ የታጨደውን ሣር እንደገና ያጭዳል።

ሳምንት ሳይሞላ ድመቷ የኋላ እግሯን እየጎተተች መጣች። ደንጊያ ነው። በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ አሰርሁላት፤ ነከሰችኝ፤ እኔም ሰደብኋት። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጨርቁን ትይዝልኛለች።

"አባየ፣ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ እኔው ልመልሳት" አለች።

"ወዴት?"

"ወደ ጉድጓዱ።"

"ብትመልሻት ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ?"

"እንጃ።"

"እንግዲያው ደስ የሚለው ሙሴውን ነው፤ ለአንቺ የሚተርፍሽ የለም" አልኋት። ድመቷ ቀረች። ልጄም ቀረች። በጥር የእሷ እኩዮች ሲዳሩ እልልታው ከየአቅጣጫው ይሰማ ነበር፤ እሷ በሩን ዘግታ ትፈትላለች። የእንዝርቱን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሙሴው ላይ የማደርገውን አስብ ነበር። ቤቱን ማቃጠል አሰብሁ፤ ሚስቱ ደግ ሰው ናት። መክሰስም አሰብሁ፤ ምን ብዬ? የድመቴን ስም አጠፋ ብዬ? ዝም ብዬ ጠበቅሁ። መጠበቅ የገበሬ ሙያ ነው።

አይጥ ተበቀለልኝ። በዚያ ዓመት እህሉ ደኅና ስለነበር አይጡም በረከተ። ሰዉ ከገበያ መርዝ እያመጣ በየጓዳው በተነ፤ ሙሴው ከሁሉም አብልጦ በተነ። መርዝ የበላውን አይጥ የሱ ቀይ ድመት በላችና ሞተች። ሌላ ዥጉርጉር አመጣ፤ እሷም በሳምንቷ ሞተች። እናት ዶሮዎቹም አለቁ። አይጡ ግን መርዙን ለየው መሰለኝ፣ ዘወር እያለ ጤፉን ይበላበት ጀመር። ሐምሌ ላይ የማኅበሩን የጽዋ መሸፈኛ በልቶ ጨረሰ ሲሉ ሰማሁ። ያን ቀን ልጄን ጠላ ቅጂልኝ አልኋት። ምን ተገኘ ብትለኝ፣ በዓል ነው አልሁ።

እኔ ቤት መርዝ ገብቶ አያውቅም። ድመቷ እግሯ ጎበጥ ብሎ ቢድንም አደኗን አልተወችም። ሰኔ ላይም ሦስት ወለደች፤ ሁለት ጥቁር፣ አንድ ዥጉርጉር። በዚያ ሰፈር የቀረው የድመት ዘር ይኸው ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ዥጉርጉሯን ስጠን እያለ ይመጣል። አልሰጥም እላለሁ። ጥቁር የወሰደ ይውሰድ፤ ያልወሰደ ከአይጡ ጋር ይኑር። ይህ ሕግ እስከ ዛሬ በቤቴ ይሠራል።

መጀመሪያ የመጡት ከወንዙ ማዶ ቅኔ የሚያስተምሩት የኔታ ናቸው። አይጥ የብራና መጽሐፋቸውን ጠርዝ በልቶባቸዋል። ጥቁሯን ሳቀርብላቸው ተከትሏቸው የመጣ አንድ ጎረቤት፣ የኔታ ይህ ነገር ገደቢስ ነው ይላሉ ብሎ ሹክ አላቸው። የኔታ ድመቷን ካባቸው ውስጥ ከተቱና "ካባዬም ጥቁር ነው። እኔንም በደንጊያ አባሩኛ" አሉት። ሰውየው አፈረ። በሳምንቱ ልከው፣ ቤታቸው አይጥ እንደሌለ ነገሩኝ፤ እኔም ለሚሰማ ሁሉ አወራሁ፤ ለሙሴው እንዲደርሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ዥጉርጉሯን ሆን ብዬ ከሱ በኩል ባለው አጥር ላይ አስቀምጣት ነበር። ፀሐይ ትሞቃለች፤ እሱ ያያል።

በነሐሴ ሚስቱን ላከ። ለእሷ ክፉ አልተናገርሁም፤ ባልሽ ራሱ ይምጣ ብቻ አልኋት። በጳጉሜን አይጥ በተኛችበት ጣቷን ነክሷት በጨርቅ ጠቅልላ አየኋት። በማግስቱ ሙሴው ራሱ መጣ። ደጄን ከረገጠ ዓመት ሊሞላው ነበር። ቆብ አውልቆ ቆመ።

"ዥጉርጉሯን ስጠኝ" አለ።

"እሷ የእኔ ናት። ጥቁሯ አለችልህ።"

"አንተ ሰው፣ እግዜርን ፍራ።"

"ስለምፈራው ነው የሱን ሥራ ጉድጓድ ያልጣልሁት። ልትፈራው የሚገባህ አንተ ነህ፤ በሞተች ሴት ነገር የዋሸህ።"

ቆቡን ያገላብጣል። "ምን አድርግ ትለኛለህ?" አለ በመጨረሻ።

አሥር ወር ሙሉ ሳዘጋጀው የቆየሁትን ነገርሁት። ከመስቀል በኋላ ከእኔ ጋር ሞጣ ትሄዳለህ። ጥቁሯን በእቅፍህ ትይዛለህ፤ በዘንቢል አይደለም፤ በጋቢ ሸፍነህም አይደለም፤ ሰው እያየህ። እዚያ ትልቁ ሽማግሌ ፊት ቆመህ የተናገርኸውን ውሸት ነበር ትላለህ። ከዚያ ድመቷን ይዘህ ትመለሳለህ፤ ያንተ ናት። አትቀልድ አለና ሄደ። ሦስት ቀን ቆይቶ ተመለሰ። ከዚህ የበለጠ ደስታ በሕይወቴ የማውቀው ጥቂት ነው፤ የሠርጌን ቀን ጨምሮ።

ቅጥቅጡ መኪና ላይ ስንሳፈር እሱን ከፊት አስቀምጬ እኔ ከኋላው ተቀመጥሁ፤ እሱ እንዳያመልጠኝ ሳይሆን የማየው ነገር እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። አንዲት ሴት ድመቷን እንዳየች ተነሥታ ወንበር ቀየረች። ሌላዋ፣ ጎማ ሊፈነዳብን ነው፣ ይህን የሚያሳፍር ሹፌር ደኅና አይደለም አለች። ረዳቱ ዕቃ ከላይ ይጫናል ብሎ እጁን ዘረጋ።

"ዕቃ አይደለችም። የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ልጅ ናት" አልሁት ጮክ ብዬ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። የሙሴው ጆሮ ከኋላ ሲታይ በርበሬ መሰለ። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ድመቷ ጋቢው ላይ ሸናች። ማንም ከጎኑ አልቀመጥም ስላለ ቦታው ባዶውን ሄደ። ጉንደ ወይን ላይ አንድ የሞጣ እስላም ነጋዴ ተሳፈሩና እዚያው ተቀመጡ። ድመቷን በጣታቸው አገጯ ሥር አከኩላት። በእኛ ቤት ድመት ምንጣፍ ላይ ነው የምትተኛው፣ ምን አደረገቻችሁ ብለው ሰዉን ሁሉ ገረመሙት። ሙሴውም ወደ እሳቸው ሲጠጋ አየሁ፤ ያ አልተመቸኝም። ብቻውን እንዲሆን ነበር የፈለግሁት። እኔም አንገቴን ወደ መስኮቱ አወጣሁና፣ ረዳት፣ ጎማው ደኅና ነው ወይ እያልሁ እስከ ሞጣ ጠየቅሁ። ጎማው ደኅና ነበር።

ሞጣ ስንደርስ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሆኗል። ትልቁ ሽማግሌ ግቢያቸው ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጠው ልጥ ይገምዳሉ። አወቁን፤ ተቀመጡ አሉን። እኔ ተቀመጥሁ፤ ሙሴውን ቁም አልሁት። ቆመ። ድመቷን እንደታቀፈ ተናገረ። ሴትዮዋ የሞተችው ድመቷ ሳትወለድ ነው፤ የእህቴን ልጅ ስለከለከለኝ ተናድጄ ነው፤ ይቅር በሉኝ አለ። ድምፁ እንዲንቀጠቀጥ እጠብቅ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

ሽማግሌው ልጡን አስቀመጡ። ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ።

"ድመቷን አይቼ መቆሜ እውነት ነው፤ እኛም የዚሁ አገር ሰዎች ነን። ይህም ሰው ያለውን አለ። ያስመለሰን ግን እሱ አይደለም" አሉ።

"ታዲያ ማን ነው?" አልሁ።

"እርስዎ። ነጭ ጋቢዎ በእሾሁ መካከል ይታየኝ ነበር። ወጥቶ ግቡ ይለናል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ቤቱ ሲታማ ሰምቶ ዝም ያለ አባት፣ ልጁን ሊሰጠን አልፈለገም ብለን ተመለስን።"

ወጉ አልሁ፤ የሴት አባት እኮ አይወጣም አልኋቸው። ወጉን እኔም አውቀዋለሁ አሉ። "ነገር ግን እንግዳ ደጅ ላይ ተሰናክሎ ሲቆም የሚያይ ሰው፣ አባት ይሁን አጎት፣ ግቡ ይላል። ይህም ወግ ነው።"

አሥር ወር ሙሉ ያየሁት የሙሴውን ምላስ ነበር። የራሴን ጋቢ አላየሁም። ሙሴው ቀና ብሎ አየኝ፤ ፈገግ አላለም፤ ቢል ይሻለኝ ነበር። ድመቷን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። ልጁስ አልሁ፣ መምህሩ? አላገባም አሉ ሽማግሌው። አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ አልጠይቅም ብሎ አስቸግሮን ነበር፤ አሁን ግን እናቱ አልቅሳ እሺ አሰኝታዋለች፤ ነገ ማለዳ ለሌላ ቤት ልንወጣ ነው አሉኝ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። በሙሴው ፊት፣ በዚያች ድመት ፊት፣ እባክዎ ማለት አልቻልሁም። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ፤ ሙሴውም ተከተለኝ።

አልቤርጎ ተከራየን። እሱ ድመቷን ደረቱ ላይ አስተኝቶ አንኮራፋ። እኔ የእንዝርት ድምፅ እየሰማሁ አደርሁ።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ተነሣሁ። ሙሴውን ሳልቀሰቅስ ወደ ሽማግሌው ደጅ ሄጄ መንገዱ መካከል ቆምሁ፤ ከአጥር ሥር አይደለም። ሦስቱም ከዘራቸውን ይዘው ሲወጡ ጋቢዬን ከትከሻዬ አወረድሁና "ግቡልኝ። ደጄ ሩቅ ነው እንጂ ክፍት ነው" አልኋቸው። ትልቁ ሽማግሌ ሌሎቹን አዩ፤ እኔን አዩ። "እንግዲህ በጥቅምት እንመጣለን። ያችን ጥቁር ግን በዚያ ቀን አስረው ያቆዩልን" አሉኝ። "አላስርም" አልሁ። ከዘራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ተመልሼ አልቤርጎው ገባሁና የሙሴውን እግር በእግሬ ገፋሁት፤ ጋቢውን ገፍፌ ድመቷን እጁ ላይ አስቀመጥሁለት፤ "ተነሥ፣ ታቀፍ፤ መኪናው ሊወጣ ነው፤ እንዳትሸፍናት" አልሁት።